ክላውድ ያልደረሰው ምስክርነት

ዙልማ የኮምፒውተሯ ዲስክ ሲንኳኳ የሰማችው ሐሙስ ጠዋት፣ ቦርሳዋን እንኳ ከትከሻዋ ሳታወርድ ነበር። ድምፁ ቀጭን ነው፤ በጥፍር ሣጥን እንደ መቆርቆር። ቪዲዮዎቿ ወደ ክላውድ፣ ማለትም ወደ ኢንተርኔቱ ማከማቻ፣ የሚላኩበት ማህደር ባዶ ሆኖ ጠበቃት።

በፔሩዋ ከተማ አያኩቾ፣ በጦርነቱ ዘመን የጠፉ ሰዎችን ለሚፈልጉ ቤተሰቦች የምስክሮችን ቃል በቪዲዮ የምትቀርጸው እሷ ናት። ከዘጠኝ ቀን በፊት ዶን ኤሌውቴሪዮ የሚባሉ ሽማግሌ መጥተው ነበር። የታጠቁ ሰዎች ጎረቤቶቻቸውን ሲቀብሩ ያዩ ብቸኛው ሰው ናቸው። "ሰው ፊት አልናገርም" አሏት። "መሣሪያውን ከፍተሽልኝ ውጪ።" ወጣችላቸው። ቪዲዮውን ጉዳዩን የያዘው አቃቤ ሕግ ባለበት ልትከፍተው አስባ ሳታየው አስቀመጠችው። ሽማግሌው በአራተኛው ቀን ሞቱ። መቃብሩን የመፈለጊያው ቁፋሮ ደግሞ የፊታችን ሰኞ ነው።

የጥገና ባለሙያው ዊልበር ጆሮውን ወደ ዲስኩ አስጠግቶ አዳመጠና ወዲያው ነቀለው።

"ቪዲዮው ክላውድ ላይ አለ አይደል?" አለችው። "ማህደሩ ውስጥ በዓይኔ አይቼዋለሁ እኮ።"

"ያየሽው እዚሁ ዲስክ ላይ የነበረውን ነው፣ እህቴ። ፋይሉ መጀመሪያ እዚህ ያርፋል፤ ከዚህ ነው ቀስ እያለ ወደ ላይ የሚጫነው። በዚህ ኢንተርኔት ደግሞ ወረፋው አያልቅም።" ከስልኩ ላይ የክላውዱን ገጽ አሳያት። እዚያ ያለው የመጨረሻ ቪዲዮ ከሁለት ሳምንት በፊት የተቀረጸ ነበር። "የሽማግሌው አልደረሰም። ካሜራው ውስጥስ?"

"ሚሞሪ ካርዱን ከገለበጥኩ በኋላ አጥፍቼዋለሁ" አለች።

"ሁለቴ ሦስቴ ቢነሳልኝ ነው፤ ከዚያ በኋላ አይነሳም" ብሎ ዲስኩን በፎጣ ጠቅልሎ ወጣ።

እኩለ ቀን ላይ የሽማግሌው ልጅ ዶኛ ባሲልያ መጣች። ከተቀበሩት አንዱ አጎቷ ነው። ዙልማ መዋሸት ዳድቷት ነበር፤ አልቻለችም፣ ሁሉንም ነገረቻት።

"ቦታውን ለእርስዎ አልነገሩዎትም?" አለቻት።

"እኔንማ እንዳልገደል ብለው ደበቁኝ።" ባሲልያ ወንበር ስባ በሩ አጠገብ ተቀመጠች። ስልኩ በጠራ ቁጥር ዙልማ ዘላ ታነሳው ነበር።

አሥር ሰዓት ላይ ዊልበር ደወለ። "ምስሉ ጠፍቷል። ድምፁ ግን ከአርባ ደቂቃው አሥራ ዘጠኙ ተርፏል።"

ሁለቱም ዊልበር ሱቅ ድረስ ሮጡ። ከሚያፏጨው ድምፅ መሃል የሽማግሌው ቃል ወጣ፤ መቃብሩ ከምንጩ አልፎ፣ ከፈረሰው የበግ በረት በላይ፣ አራት እርምጃ። "ያዘዘውን ሰው አውቀዋለሁ" አሉ ቀጥለው። "ዛሬም እዚሁ ከተማ ይኖራል። ስሙ..." ድምፁ እዚያ ላይ ተቆረጠ።

ዊልበር እንደገና ሞከረ። ዲስኩ አልተነሳም።

ሰኞ ዕለት ከበረቱ በላይ ቆፍረው ሁሉንም አገኟቸው። ባሲልያ የአጎቷን ቀበቶ ለየች። ያዘዘውን ሰው ስም ግን ማንም አላወቀም። ዙልማ አሁን በገበያ ስታልፍ ሽማግሌ ሰው ሰላም ካላት፣ እሱ ይሆን ብላ ትደነግጣለች፤ መልስ ሰጥታም ቶሎ ትራመዳለች።