ለልጆቼ ያነጠፍኩት አልጋ

ሰው መካድ ባውቅበት ኖሮ ዛሬ እኔም ቤት ይኖረኝ ነበር። አላውቅበትም። የማውቀው አልጋ ማንጠፍ ነው።

የምሠራው ሐይቁ ዳር ካሉት ትልልቅ ሆቴሎች በአንዱ፣ ክፍል አጽጂ ሆኜ ነው። የእኛ ሆቴል አልጋዎች ሜዳ ናቸው። አንድ ሰው ብቻውን አንሶላ ልዘርጋ ቢል ሲዞራቸው ይውላል። ስለዚህ ሁለት ሁለት ሆነን ነው የምንሠራው፤ አንዷ በግራ፣ አንዷ በቀኝ። የእኔ ጥንድ ቀጮ ነበረች። ቀጮ ያልናት ስለቀጠነች ብቻ አይደለም። የትም ጠባብ ቦታ ገብታ የምትወጣ፣ ከሥራ አስኪያጁም ከበረኛውም ጋር እኩል የምትስማማ ሴት ናት። አንሶላውን ወርወር ሳደርግላት ቀና ብላ እንኳ ሳታይ ትቀልበዋለች። ከዚህ በላይ መተማመን ከየት ይመጣል? እያልኩ ነበር የማስበው። የዋህ ከፈለጋችሁ እኔ አለሁላችሁ።

ከተማችንን በፎቶ ያያት ሁሉ ይመኛታል። ለእኛ ለሠራተኞቿ ግን መዋያ እንጂ ማደሪያ የላትም። ድሮ ሰው ይኖርባቸው የነበሩት ቤቶች በራቸው ላይ የቁጥር ቁልፍ ተገጥሞላቸው ለቱሪስት ይከራያሉ። ጫማ ሰፊው ለቀቀ፣ ዳቦ ቤቱ ለቀቀ፣ በእነሱ ቦታ የሐይቅ ሥዕል ያለበት ካናቴራ የሚሸጥ ገባ። እኔ የማድረው ሆቴሉ ምድር ቤት፣ ከውኃ ማሞቂያው አጠገብ፣ ተደራራቢ አልጋ ላይ ነው። ቀጮ ከላይ፣ እኔ ከታች። ግድግዳው ላይ «ልጅ፣ እንስሳና ምድጃ ማስገባት ክልክል ነው» የሚል ተለጥፏል። ልጆቼ ከምድጃ ጋር ተቆጠሩልኝ።

ልጆቼ ሁለት ናቸው። ሴቷ ትምህርት ጀምራለች፤ ወንዱ ገና የወተት ጥርሱን አልነቀለም። ቀኑን ሙሉ በአውቶብስ በሚኬድበት አገር፣ ከአባታቸውና ከአያታቸው ጋር ይኖራሉ። አባታቸው ልብስ ሰፊ ነው። ባለፈው ልጠይቃቸው ስሄድ ትንሹ ከአያቱ ቀሚስ ኋላ ተደብቆ አልወጣም አለ። «እናትህ እኮ ናት!» ሲሉት፣ «እናቴ ስልክ ውስጥ ናት» ብሎ መለሰ። ቤቱ በሙሉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ከዚያ ጓሮ ዞሬ ተንሰቅስቄ አለቀስኩ።

የዚያኑ ዕለት ባለቤቴን ያዝኩት። «ትምህርት ሳይከፈት ቤት አገኛለሁ። አንድ ላይ እንኖራለን» አልኩት።

«ዘንድሮ ካልሆነ እንግዲህ ልጆቹን ከዚህ አላነቃንቅም» አለኝ። «በአንቺ ስም ቃል እየገባሁላቸው ስንቴ ዋሸሁ?»

እውነቱን ነው። አልተቀየምኩትም።

ቤት ፍለጋው ራሱን የቻለ መከራ ነበር። አንዱ ደላላ «ለቤተሰብ የሚበቃ» ብሎ የወሰደኝ ጋራዥ ነው። «መስኮቱስ?» ብለው፣ «በሩን ስትከፍቺው መስኮት ይሆናል» አለኝ፣ ሳቅ እንኳ ሳይል። ሌላዋ አከራይ ልጆች እንዳሉኝ ስትሰማ ድምፅ ያወጣሉ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። እንግዲህ ምን ልበላት፣ ድምፅ የሌላቸው ልጆች ስንት ይሸጣሉ?

በመጨረሻ ያገኘችልኝ ቀጮ ናት። ከኮረብታው ማዶ፣ በአውቶብስ ግማሽ ሰዓት ያህል የሚያስኬድ፣ ድሮ የጡብ ፋብሪካ የነበረበት ትንሽ ከተማ አለ። ቱሪስት ዝር አይልበትም። እዚያ አንድ ጡረታ የወጣ የአውቶብስ ሾፌር ለዓመታት የተዘጋ ቤት አለው፤ ሁለት ክፍል፣ ወጥ ቤት፣ ከኋላ አንዲት ጠባብ ሰርቪስ፣ ትንሽ ግቢ። ጣሪያው ያፈሳል፣ ግድግዳው በእርጥበት ተቦርቡሯል። ትምህርት ቤቱ ግን ከበራፉ ይታያል። ያንን ሳይ ጣሪያውን ረሳሁት።

«ልጄ፣ እኔ ለማደስ አቅም የለኝም» አለኝ ሾፌሩ። «በራስሽ ካደስሽው ኪራዩን ዝቅ አደርግልሻለሁ። አንቺን ካላስወጣሽኝ በቀር አላስወጣሽም።»

ምላሱ ተሳሰረበትና ሦስታችንም ሳቅን። ራሴ ካልለቀቅኩ አያስወጣኝም ማለቱ እንደሆነ ግን ገብቶናል፤ እጅ ለእጅ ተጨባበጥን። ምስክራችን ቀጮ ነበረች።

ከዚያ በኋላ የዕረፍት ቀን የሚባል አላውቅም። ቆርቆሮ የሚመታልኝ ሰው አምጥቼ ጣሪያውን አስደፈንኩ። ግድግዳውን ፈግፍገን፣ ለስነን፣ ቀለም ቀባን። ቀጮ መሰላል ላይ፣ እኔ ወለል ላይ ሆነን ስንፈጋ እንውላለን። የግቢውን በር ሰማያዊ ያደረግኩት ልጄ በስልክ «ሰማያዊ ይሁን» ስላለችኝ ነው። ሁለት ትንንሽ አልጋ ገዛሁ። ቀጮን «አንቺ ባትኖሪ ምን ይውጠኝ ነበር?» እላታለሁ። «ተይ እንግዲህ፣ ታስለቅሺኛለሽ» ትለኛለች። ደግሞም ዓይኗ እንባ ያቀርራል! እስካሁን የሚያንገበግበኝ እሱ ነው።

ቤቱ ሲያልቅ ለባለቤቴ ፎቶ ልላክለት አልኩ። የእኔ ስልክ ሰው ቢያነሳ ጥላ ነው የሚያወጣው፤ የቀጮ ግን ጥሩ ያነሳል። እዚህ ላይ እስቲ ታዘቡኝ። ክፍል ማሳመር የማውቀው በአንድ መንገድ ብቻ ስለሆነ፣ የልጆቼን ቤት ሆቴል አደረግኩት። አንሶላውን እንደ ከበሮ ወጠርኩ። ፎጣዎቹን ጠቅልዬ እግርጌ ደረደርኩ። ብርድ ልብሱን አጥፌ ጫፉን መለስኩ፣ ትራሱ ላይ አበባ አስቀመጥኩ። ለልጄ የገዛሁትን የደብተር ቦርሳና የትንሹን ኳስ ፎቶውን እንዳያበላሹ ቁምሳጥን ውስጥ ወሸቅኳቸው። እኛን ያስተማሩን ቆንጆ ክፍል ማለት ማንም የማይኖርበት የሚመስል ክፍል ነው ብለው ነው።

ቀጮ አነሳችና ስልኳን ትክ ብላ አየችው። «አንቺ፣ ይሄ እኮ የእኛን ሆቴል ያስንቃል!» አለችኝ። እኔ ሞኟ ደስ አለኝ።

ከዚያ ወቅቱ ገባ፤ ከተማዋ በቱሪስት ተጥለቀለቀች፣ ዕረፍት ተከለከለ። ቀጮ ብቻ ከአለቆቹ ጋር ተስማምታ አልፎ አልፎ ትወጣለች። ቁልፉም እሷ ጋ ነው። «ሾፌሩ ሐሳብ መጥቶለት ወለሉን ሲሚንቶ እያስደረገው ነው፤ እስኪደርቅ እንዳትረግጪው» አለችኝ። ጭራሽ ሰውየውን መረቅኩት። ትንሽ ቆይታ ደግሞ «አክስቴ ታማብኛለች፣ እሷ ጋ ነው የማድረው» ብላ ከላይኛው አልጋ ጠፋች። ለአክስቷ ብርቱካን ገዝቼ ላክሁ። ማን እንደበላው ፈጣሪ ይወቀው።

ባለቤቴ ልጆቹን ይዞ የመጣው ትምህርት ሊከፈት ሳምንት ሲቀረው ነው። እኔም ስንቱን ለምኜ የአንድ ቀን ፈቃድ አገኘሁ። የልብስ ስፌት መኪናውን ራስ በጆንያ ጠቅልሎ በትከሻው ተሸክሞታል። የሚሠራባትን ሱቅ ለሌላ ሰው ለቅቆ ነው የመጣው። ልጄ አዲስ ጫማ አድርጋለች። ትንሹ ሽቅብ አየኝና አልተደበቀም፤ እጁን ሰጠኝ። ኮረብታውን በአውቶብስ ስናልፍ ልጄ «አልጋዬ በመስኮቱ በኩል ነው አይደል?» እያለች አሥሬ ትጠይቀኛለች። «በመስኮቱ በኩል ነው» እላታለሁ። እንዲያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ሰማያዊው በር ገርበብ ብሏል። ገፋ ሳደርገው ገመዱ ላይ የዋና ልብስ ተሰጥቷል። በራፉ ላይ እርጥብ ትንንሽ ሰንደል ጫማዎች ተደርድረዋል። የቤቱ በር ላይ የቁጥር ቁልፍ ተገጥሟል። ከውስጥ ልጆች በማላውቀው ቋንቋ ይንጫጫሉ።

ቀጮ ከኋላ፣ ከሰርቪሷ በኩል፣ ፎጣ ተሸክማ ብቅ አለች። ስታየኝ ደነገጠች፤ ወዲያው ግን ዓይኗን በጨው ታጥባ፣ «ምነው ሳትደውዪ?» አለችኝ። ሳልደውል! በገዛ ቤቴ!

«እነማን ናቸው እነዚህ?»

«ቀስ በይ፣ ይሰሙሻል።»

«ይስሙኛ! እነማን ናቸው?»

«ሾፌሩ ነው» አለች። «ፎቶውን ሲያይ ሐሳቡን ለወጠ። ከተማ ውስጥ አልጋ የተወደደባቸው ቤተሰቦች እዚህ ድረስም ይመጣሉ ሲሉት…»

«ማን ነው ያለው? ፎቶውን ማን አሳየው?»

ፎጣውን ከአንድ እጇ ወደ ሌላው አዛወረች። እኔም በክፍቱ በር ወደ ሰርቪሷ አየሁ። ቀሚሶቿ ሚስማር ላይ ተሰቅለዋል፤ አልጋ ገብቷል፤ መስኮቱ ላይ መጋረጃ ተደርጓል።

«አክስትሽስ?» አልኳት።

«አክስት የለኝም።»

እንዲሁ ነው ያለችው፤ ሰዓት ስንት ነው ተብላ እንደተጠየቀች።

«ለወቅቱ ብቻ ነው» ቀጠለች። «ቱሪስቱ ሲሄድ ትገቢያለሽ። ቃሌ ነው።»

«ትምህርት ቤቱ በሚቀጥለው ሳምንት ነው የሚከፈተው! ቃልሽን እዚያው ያዥው!»

ይሄኔ ወገቧን ያዘችና ድምፅዋ ተንቀጠቀጠ። «የአንቺ ልጆች አያት አላቸው፣ ቤት አላቸው። እኔ ማን አለኝ? ዕድሜ ልኬን ሰው ከበላዬ ሲገላበጥ፣ ከበታቼ ሲያንኮራፋ ልኑር? እንግዶቹን ከተቀበልሽልኝ ሰርቪሷን ውሰጃት አለኝ፤ ከነበሯ፣ ከነቁልፏ። በሕይወቴ የራሴን በር ዘግቼ ተኝቼ አላውቅም። እኔስ ሰው አይደለሁም?»

«ብትነግሪኝ እኮ ሰርቪሷን እኔው እሰጥሽ ነበር» አልኳት። ከልቤ ነው። አስቤበት ሁሉ ነበር።

«አትሰጪኝም። ልጆችሽ ሲመጡ ማን ያስታውሰኛል?»

ሰድባኝ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ያን ሁሉ ቀን መሰላል ላይ ቆማ ስትስቅልኝ፣ በሆዷ ይህንን ፍርድ ፈርዳብኝ ኖሯል።

ሾፌሩ ጋ ደወልኩ። «ልጄ፣ ወረቀት አለሽ እንዴ?» አለኝ፤ ድምፁ ላይ ንዴት የለም፣ እፍረትም የለም። ስልኩን ዘጋው።

ባለቤቴ ጆንያውን ከትከሻው አላወረደም። «በስልክ የነገርሽኝ ቤት ይሄ ነው?» አለኝ።

«ይሄ ነው።»

«ሰው አለበት እኮ።»

አስተያየቱን አልረሳውም። እኔ ቀጮን ያየሁበት ዓይን ነው። ቤት የሚባል ነገር ኖሮኝ እንደማያውቅ፣ ያ ሁሉ የስልክ ወሬ ተረት፣ ፎቶውም የሆቴል ክፍል እንደነበር ነው የገመተው።

ያን ጊዜ ደሜ ፈላ። የቤቱ በር አልተቆለፈም፤ ገፍቼ ሰተት ብዬ ገባሁ። ቢያንስ አንሶላዎቹ የእኔ ናቸው፤ በላቤ የገዛኋቸው። የመጀመሪያውን አልጋ ገፈፍኩ። አንዲት ፀሐይ ያቃጠላት ሴትዮ ከወንበሯ ብድግ አለች። አሁን ትጮሃለች ብዬ ስጠብቅ ፈገግ አለችልኝ። አንሶላ ልቀይር የመጣሁ መሰላት። እየደጋገመች እያመሰገነች ከማዶ ዞረችና የፍራሹን ጫፍ አነሳችልኝ። ልጇ፣ የእኔን ትንሽ የሚያክል፣ ትከሻው የተላላጠ፣ ሊያግዘኝ ብሎ ትራሱን በሁለት እጁ አቀፈና አመጣልኝ። ምን ላድርጋቸው? ምንም አላጠፉም። ንዴቴን የት እንደማኖረው ጠፋኝ። አንሶላዎቹን በደረቴ አቅፌ ስወጣ ልጄ በራፉ ላይ ቆማ በመስኮቱ በኩል ያለውን አልጋ ታያለች።

«እማዬ፣ እነዚህ ልጆች ማን ናቸው?»

«እንግዶች ናቸው።»

«እኛስ?»

እጇን ይዤ ወደ ግቢው በር ወሰድኳት።

ቀጮ እስከ ግቢው በር ተከተለችን። ስሜን ጠራችኝ፤ አልዞርኩም። ነገ ጠዋት ያው አንድ አልጋ ግራና ቀኝ እንደምንቆም ሁለታችንም እናውቃለን።

አውቶብስ መናኸሪያው ውስጥ ባለቤቴን ለመንኩት። ለዛሬ እንኳ የሆነ ቦታ እንደር አልኩት። «የት?» አለኝ። ከተማዋ ውስጥ ለአንድ ሌሊት የሚጠይቁትን እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ። «ደግሞ ልጆቹ ከለመዱሽ በኋላ መለያየት ይብሳል። አሁኑኑ ይሻላል» አለ። ድምፁን ከፍ አላደረገም። አብሬያቸው እንዳልሄድ ሱቋ ተለቅቃለች፤ ከእንግዲህ አራቱንም የሚያበላው የእኔ ደመወዝ ነው። ያችን ውለታም የዋለችልኝ ቀጮ ናት።

ትንሹ ብርድ ብርድ ስላለው አንሶላዎቹን ደርቤ አለበስኩት። ወንበር ላይ ወዲያው አንቀላፋ። ልጄ ግን አላለቀሰችም። አውቶብሱ ሞተሩን ሲያስነሳ በመስኮት አንገቷን አውጥታ እጄን ጨበጠችኝ፤ ልክ ትልቅ ሰው ዘመዱን ሲሰናበት እንደሚያደርገው።

«እማዬ፣ አይዞሽ» አለችኝ። «እዚህ ቤት ከሌለሽ እኛ ቤት ነይ። ስትመጪ አልጋዬን እለቅልሻለሁ።»

«እሺ» አልኳት። ሌላ ምን ልበላት?