የተመረቁት አምፖሎች

ያን ዕለት ማታ የተኛሁት ተናድጄ ነው። ንዴቴ እንዲገባችሁ ነገሩን ከሥሩ ልጀምርላችሁ። በምንኖርበት የጋራ መኖሪያ ግቢ ውስጥ፥ በዓል ሲመጣ በግ ለማረድ ካልሆነ በቀር ማንም የማይገባበት፥ መስኮት የሌለው አንድ አዳራሽ አለ። ማኅበራችን በዚህ አዳራሽ ቆስጣና ሰላጣ ሊያበቅል ወሰነ፤ አሳቡ መልካም ነበር፥ አልክድም። ፀሐይ በማይገባበት ቤት አትክልት የሚያድገው በመብራት ነውና፥ ሊቀ መንበራችን ጋሽ ደርበው ከአንድ ከተዘጋ የአበባ እርሻ ግዙፍ ግዙፍ አሮጌ አምፖሎች አስጭነው መጡ። ብርሃናቸው ዓይን ያጠፋል፤ ሙቀታቸው ቂጣ ይጋግራል።

በእኛ ግቢ ደግሞ አንድ ልማድ አለ። ለማኅበሩ አዲስ ዕቃ ሲገባ፥ ይሠራ አይሠራ ሳይታይ ሽማግሌዎች ቆመው ይመርቁታል፤ የተመረቀ ዕቃ አይመለስም፥ መመለሱ መራቂውን መናቅ ነውና። አምፖሎቹም ገና ከካርቶናቸው ሳይወጡ ተመረቁ፤ ሁላችንም እጃችንን ዘርግተን አሜን አልን። ከዚያ ሲበሩ የሕንፃው መብራት በሙሉ ድርግም አለ። ሦስተኛ ፎቅ ያሉት እማማ ትርንጎ ሳንባቸው ደክሞ በኤሌክትሪክ በሚሠራ የኦክስጅን መሣሪያ ነው የሚተነፍሱት። መብራቱ እስኪመለስ ድረስ ልጃቸው ውድነሽ በትሪ እያራገበች ስትጮኽ ግቢው ሁሉ ሰማ።

"እነዚህ አምፖሎች እማማን ይገድሏቸዋል፤ ትንሽ ኃይል የሚበሉትን የኤልኢዲ አምፖሎች እንግዛ" ብዬ ብናገር ጋሽ ደርበው ሳቁብኝ።

"አንተ ሰይፈ፥ መጽሐፍ ማረም ለምደህ አሁን ደግሞ ምርቃት ልታርም ነው? ጥፋቱ የመስመሩ ነው። እስከ ነገ ጠዋት ይረጋጋል፥ እናበራለን።"

ሕዝቡም አብሮ ሳቀ። ሰው ሊሞት ነው እየተባለ የሚሳቅበት ግቢ ውስጥ መኖሬ አንገሸገሸኝ። እራቴን ሳልበላ ተኛሁ።

እንቅልፍ እንደ ወሰደኝ በሬ ተንኳኳ። ብከፍት የቆጣሪ አንባቢ ልብስ የለበሰች፥ ፊቷ ፈገግታ የሚባል ነገር ጎብኝቶት የማያውቅ ሴት ቆማለች።

"ተከተለኝ፥ ቆጣሪህን ላሳይህ" አለችኝ።

"ቆጣሪዬ እዚሁ ደረጃው ሥር ነው።"

"እሱን ስታየው ኖረሃል፤ ምን ጠቀመህ?" አለችና እጄን ይዛ ጎተተችኝ።

ወዲያው ሌሊት በማይታወቅባት፥ ከዳር እስከ ዳር አዳራሽ ብቻ በሞላባት አንዲት አገር ውስጥ ቆመን ተገኘን። ከየጣሪያው ከፍታ ላይ እንደ እኛዎቹ ያሉ አምፖሎች ተሰቅለው እሳት የመሰለ ብርሃን ያፈሳሉ፤ ከሥራቸው ያለው ሰላጣ ግን ግማሹ ጠውልጓል፥ ግማሹ ብርሃኑን ፍለጋ አንገቱን አስግጎ ቀጥኖ ቀርቷል። አየሩ ይጋረፋል፤ ሙቀቱን የሚያስወጡ ማራገቢያዎች ያጓራሉ፤ እነሱም በተራቸው ኃይል ይበላሉ። የአገሩ ሽማግሌዎች ጥቁር መነጽር አድርገው ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል፥ ወደ ላይ እያንጋጠጡም "አቤት ብርሃን! አቤት ብርሃን!" ይላሉ። ወደ ታች፥ ወደ ቅጠሉ፥ የሚያይ አንድ ሰው እንኳ አላየሁም።

"ይህን ያህል ብርሃን እያለ ቅጠሉ ስለ ምን ይራባል?" ብዬ ጠየቅኋት።

"ብርሃኑ ግድግዳና ጣሪያ ይቀልባል። አምፖሉን ወደ ቅጠሉ እንዳያወርዱት ሙቀቱ ይጠብሰዋል። ሽማግሌዎቹ በዓይናቸው መረጡ፤ ሰላጣውን የጠየቀው የለም።"

"ኃይሉስ ከየት ይመጣል?"

የወለሉን ሳንቃ በእግሯ ገፋ አድርጋ ከፈተችልኝ።

ከወለሉ በታች ያየሁትን ባላየሁ ይሻለኝ ነበር። በእያንዳንዱ አምፖል ሥር አንድ ትልቅ መንኰራኵር አለ፤ በመንኰራኵሩ ላይ ሰዎች እንደ በሬ ተጠምደው ይዞራሉ። ሽማግሌ አለ፥ አራስ አለች፥ በክራንች የሚሄድ ሰው ክራንቹን ብብቱ ሥር እንደ ያዘ ይገፋል። ቆሞ የሚያርፍ የለም፤ አንዱ ቢቆም ሌላው ይረግጠዋል።

"እነዚህ ምን በድለው ነው?"

"ምንም አልበደሉም። አምፖሉን ከመረጡት ሰዎች ጋር በአንድ መስመር ላይ ይኖራሉ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ የምትሉት እናንተ አይደላችሁም?"

ይህን ስትለኝ ክራንች የያዘው ሰው ወደቀ። ሁለት ሰዎች እግሩን ይዘው እየጎተቱ አወጡት፤ ጭንቅላቱ ሳንቃው ላይ ሲንገጫገጭ ዞሮ ያየው አልነበረም። ላይ ቤት አምፖሉ ብልጭ ድርግም ሲል ሽማግሌዎቹ "ጥፋቱ የመስመሩ ነው" አሉ፥ ተነሥተውም እንደገና መረቁት። በሟቹም ቦታ አንዲት አሮጊት ተጠመዱ። ቀና ሲሉ አወቅኋቸው፤ እማማ ትርንጎ ነበሩ።

"እማማ! ይተዉት፥ እኔ ልግፋልዎት!"

"እለፍ፥ ልጄ" አሉኝ ሳይቆሙ። "ካወራሁ ትንፋሼ ያልቅብኛል።"

ዘልዬ የመንኰራኵሩን እንጨት ብይዘው እጄ ጭስ የጨበጠ ያህል ባዶውን ቀረ። ያመጣችኝ ሴት ከኋላዬ ሳቀች፤ ስትስቅ የሰማኋት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

"ያ እጅ ለአሜን ተዘርግቷል" አለችኝ። "ለዚህ አይሆንም።"

አለቀስኩ። እንባዬም አላሳዘናት፤ ክንዴን ይዛ ከአንድ ኮረብታ ማዶ ወዳለች ወደ ሌላ አገር አሻገረችኝ።

በዚያች አገር ምንጣፍም፥ ጥቁር መነጽርም የለም። አዳራሾቹ ትንንሽ ናቸው፤ ብርሃን እንዳይባክን ግድግዳቸው በነጭ ኖራ ተለስኗል። ቀዝቃዛና ቀጫጭን አምፖሎች ከቅጠሉ በላይ ዝቅ ብለው ተሰቅለዋል፤ ብትነኳቸው እጅ አያቃጥሉም። ሰዓታቸው ሲደርስ ራሳቸው ይጠፋሉ፥ ቅጠልም እንደ ሰው ጨለማ ያስፈልገዋልና። ቆስጣው ሰፊ፥ ሰላጣው ለምለም ነው። በየቤቱ ያለ ሕመምተኛም መብራት ይጠፋብኛል ብሎ ሳይሰጋ ያድራል።

"እንዲህ ለመሆን ምን አደረጉ?"

"አንድ ሕግ አወጡ። ለሕዝብ አምፖል የሚመርጥ ሰው አስቀድሞ መንኰራኵሩን ብቻውን ያዞራል፤ ከአምፖሉ ሥር የተዘራው ዘር ለምግብ እስኪደርስ ድረስ። ይህ ሕግ ከወጣ ወዲህ ብርሃን ሲመርጡ የሚጠይቁት፥ ከሚበላው ኃይል ስንቱን ለቅጠሉ ይሰጣል ብለው ነው።"

ከአንዱ አዳራሽ ጥግ ግን ትንፋሹ የተቆራረጠ ሰው ያቃስታል። ቀርቤ ባይ ጋሽ ደርበው ናቸው፤ የግዙፉን አምፖላቸውን መንኰራኵር ብቻቸውን ያዞራሉ። መዳፋቸው ተልጦ እንጨቱ በደም ረጥቧል። ጎረቤቶቻቸው አጠገባቸው ተቀምጠው ሰላጣ ይበላሉ፤ እንደ ወጉ "እንብላ" ይሏቸዋል፥ ማጉረስ ግን በሕግ ክልክል ነው። እውነቱን ልናገር፥ ደስ አለኝ፤ እንዲያውም ትንሽ ቆሜ አየኋቸው።

"ሕጉ ምሕረት የለውም?" አልኳት፥ ደስታዬ ሲያሳፍረኝ።

"አለው። ትልቁን አምፖል አውርደው ትንሹን ቢሰቅሉ ዛሬውኑ ይፈታሉ። የተመረቀ አይመለስም ብለው እምቢ አሉ። አንተም ቆመህ ስትደሰት እማማ ትርንጎ አሁንም እያዞሩ ነው።"

"ታዲያ ምርቃትን ማን ይሽራል?"

"ከመራቂው በዕድሜ የሚበልጥ" አለችና ፊቴ ላይ በር ዘጋች።

ስነቃ ጎሕ ቀዷል። ያየሁትን ሁሉ ሮጬ ለሽማግሌዎቹ ልነግራቸው ተነሣሁ፤ ደረጃው ላይ ግን ቆም አልኩ። ህልም እንደ ፈቺው ነው፤ እነሱ ከፈቱት መንኰራኵሩ ሀብት፥ እንባዬም ዝናም ይሆናል፥ አሜን ተብሎም አምፖሉ ይበራል። በግቢያችን ከሽማግሌዎቹ ሁሉ በዕድሜ የሚበልጡት እማማ ትርንጎ ብቻ ናቸው፤ ደረጃ መውረድ ስለማይችሉ ግን ስለ አምፖሉ የጠየቃቸው አልነበረም። ወደ ላይ ወጣሁ።

አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጬ፥ ቱቦው አፍንጫቸው ላይ እንዳለ፥ ምንም ሳልሸሽግ ነገርኳቸው። ማን ከመንኰራኵሩ እንደ ተጠመደም ነገርኳቸው።

"ለታመመ ሰው እንዲህ ያለ ህልም ይነገራል? ውጣልኝ!" ብላ ውድነሽ ጮኸችብኝ።

እማማ እጃቸውን አንሥተው ዝም አሰኟት።

"መቼ ነው የሚያበሩት?" አሉኝ።

"አሁን። እየተሰበሰቡ ነው።"

"እማዬ፥ ያለ መሣሪያው እታች አትደርሺም" አለች ውድነሽ።

"እዚህ ብተኛስ ሊያጠፉብኝ አይደል?" ቱቦውን ከአፍንጫቸው አወለቁና በቀስታ ትራሱ ላይ አስቀመጡት። "ጫማዬን አምጪ። አንተም አትገተር፤ ያየኸውን በየደጁ እየጮኽክ ቅደመኝ። እኔ ያለችኝን ትንፋሽ ለምርቃቱ መሻሪያ ላቆያት።"

ከሦስተኛ ፎቅ ጀምሬ በር ሁሉ እየደበደብኩ መጮኽ ጀመርኩ። ከኋላዬ ጫማቸው ደረጃው ላይ ሲጎተት፥ ሲቆም፥ ቆይቶ ደግሞ ሲጎተት እሰማ ነበር።