ፍሪጄን ያዋስኩ ዕለት

ጥፋቱ የእኔ ነው ብዬ ልጀምር። ሌላው ጥፋተኛ ብዙ ስለሆነ ወረፋ ከመጠበቅ ይሻላል። ፍሪጁ የእኔ ነበር። ሶፋውም፣ ቴሌቪዥኑም፣ ወለሉ ላይ የተነጠፈው ቀይ ምንጣፍም የእኔ ነበሩ። ከኮልፌ የቤት ኪራይ አባሮኝ ሰበታ የገባሁ፣ አዲስ አበባ በአንድ ትምህርት ቤት በጸሐፊነት የምሠራ ሴት ነኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ቅጽ ስሞላና ሳስሞላ ኖሬአለሁ። ቅጽ ምን ማለት እንደሆነ በዚያ ግቢ ውስጥ ከእኔ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። ለዚህ ነው ጥፋቱ የእኔ የሚሆነው።

ግቢው የኦቦ ደቻሳ ነው። ድሮ ከቤታቸው ጀርባ ጤፍና ምስር የሚያመርቱበት መሬት ነበራቸው፤ አሁን እዚያ ላይ የፋብሪካ አጥር ቆሟል። ካሣው መጣ፤ የቆርቆሮ ጣሪያ ሆነ፣ የእኔ የኪራይ ክፍል ሆነ፣ የታላቅ ልጃቸው ሠርግ ሆነ፣ አለቀ። ብር እንደ መሬት በየዓመቱ አያበቅልም ይላሉ ኦቦ ደቻሳ፣ ሰው ሲጠይቃቸው። ትንሿ ልጃቸው ጂቱ እዚያው ፋብሪካ በፈረቃ ትሠራለች። አባቷ በሬ ጠምደው ያርሱት በነበረው መሬት እሷ በር ላይ ተፈትሻ ትገባለች። ደመወዟ ለዱቄትና ለባጃጅ ብቻ ይበቃል። እኔ ልማት አልጠላም፤ መብራቱም መንገዱም መጥቷል፣ እኔም የመጣሁት በዚያው መንገድ ነው። ግን መንገዱ ሲመጣ ኦቦ ደቻሳን ገጭቷቸው ያለፈ ይመስለኛል።

ባለቤታቸው አዴ ተረፈች አንገታቸው ላይ እንቅርት ነበረባቸው። ለብዙ ዓመት በነጠላቸው ሸፍነውት ኖሩ። ሁለት ዓመት ሆነው መሰለኝ፣ ወደ ውስጥ አድጎ ጉሮሯቸውን ያዘ። ጋደም ሲሉ ስለሚያፍናቸው በር አጠገብ ባለው አልጋ ላይ በሦስት ትራስ ተደግፈው ቁጭ እንዳሉ ነበር የሚያድሩት። ሌላው አልጋ የጂቱ ነው። ኦቦ ደቻሳ ወለሉ ላይ ፍራሽ አንጥፈው ይተኛሉ። ሐኪሙ በቀዶ ጥገና ካልወጣ አንድ ቀን ትንፋሻቸውን ይዘጋዋል ብሎ ነግሯቸዋል።

ያን ጊዜ ነው ፕሮጀክት መጣ የተባለው። መክፈል ለማይችሉ ቤተሰቦች የቀዶ ሕክምና ወጪ ይሸፍናል። ማን መክፈል እንደማይችል ግን ጎረቤትም ሽማግሌም አይመርጥም፤ አድሎ እንዳይኖር የቤቱ ኑሮ በነጥብ ይለካል፣ ከመስመሩ በታች የሆነ ይታከማል፣ በላይ የሆነ አይታከምም። የቀበሌው መልእክተኛ ሲዞር ይህን ሁሉ አላስረዳም። ለኦቦ ደቻሳ የነገራቸው፣ ሐሙስ ዕለት ከአዲስ አበባ እንግዶች መጥተው ቤታችሁ ቁጭ ብለው ስለ ኑሯችሁ ያነጋግሯችኋል ብሎ ነው።

እንግዳ አለ፤ አበቃ። እኛ ሰፈር እንግዳ የአንድ ቤት እንግዳ አይደለም። ከአንዱ ቤት ብርጭቆ፣ ከሌላው ፍራሽ፣ ከሌላው ቅቤ ተዋውሶ ነው የሚስተናገደው፤ እንግዳው ሲሸኝ ሁሉም ዕቃውን ይወስዳል። እናቴ ልትጠይቀኝ ከደብረ ብርሃን የመጣች ጊዜ አልጋቸውን ያዋሱኝ አዴ ተረፈች ናቸው። አራት ሌሊት ግድግዳ ተደግፈው መሬት ላይ አደሩ። እናቴ እስካሁን አታውቅም።

ረቡዕ ከሥራ ስመለስ ኦቦ ደቻሳ ደጃፌ ላይ ቆመው ጠበቁኝ። ነገ ኬሱማ ይመጣብናል፣ እንግዳ ዱካ ላይ ማስቀመጥ ነውር ነው፣ ሶፋሽን ታውሺኝ ይሆን አሉ። የጠየቁኝ ሶፋ ብቻ ነበር። ፍሪጁን የጨመርኩት እኔ ነኝ። ባማረ ቤት ይታዩልኝ ብዬ ነው። እውነቱን ለመናገር ፍሪጄም እንዲታይልኝ ፈልጌ ነበር፤ ገዝቼው ዓመት አልሞላውም። ከጂቱ ጋር ገፍተን አስገባነው፣ ቴሌቪዥኑን አስከተልን፣ ምንጣፉን አነጠፍን። ጎረቤታችን ኡሙልኸይር ቅቤና ስድስት ብርጭቆ ላከች። ስንጨርስ አዴ ተረፈች ከአልጋቸው ላይ ሆነው ቤቱን ዞር ዞር ብለው አዩና ሳቁ፤ ሳቁ ትንፋሽ አሳጣቸው።

ሐሙስ የመጣው አንድ ሰው ነው፤ ሀብተወልድ ይባላል። ጫማው አቧራ የለበሰ፣ ታብሌት የያዘ፣ ጨዋ ልጅ ነው። ጂቱ በቅቤ የራሰ ጨጨብሳ አቀረበችለት፤ እምቢ ቢልም አልተሰማም። እኔ ከሥራ ፈቃድ ወስጄ፣ አፋን ኦሮሞ ስለማይችል ላግዘው አጠገቡ ተቀመጥኩ፤ እኔም ያን ያህል አልችልም፣ ኦቦ ደቻሳ ደግሞ በአማርኛ ከሁለታችንም ይሻላሉ። ጣሪያው ምንድን ነው፣ ስንት ሰው አለ፣ ስንት አልጋ አለ እያለ ጠየቀ። ፍሪጁን በዓይኑ አይቶ፣ ሳይጠይቅ ራሱ ታብሌቱን ነካው። ያን ጊዜ ቅጹ ምን እንደሚለካ ገባኝ። አፌን ከፍቼ የእኔ ነው ልል ነበር። በእንግዳ ፊት ኦቦ ደቻሳን የተዋሱት ነው ብሎ ማጋለጥ እንዴት ተብሎ! ዝም አልኩ።

ከዚያ ያቺ ጥያቄ መጣች።

«አባቴ፣ ባለፈው ወር ምግብ ጠፍቶ ሳትበሉ የዋላችሁበት ቀን ነበር?»

ኦቦ ደቻሳ ልጁ የሰደባቸው ያህል ቀና አሉ። ከፊቱ ያለውን ጨጨብሳ አዩ፣ እሱን አዩ።

«ገለታ ዋቃ፣ ምስጋና ለፈጣሪ፤ ጠግበን ነው የምናድረው» አሉ።

ማክሰኞ ጂቱ ጦሟን ወደ ፈረቃዋ ስትወጣ አይቻታለሁ። ጂቱም ያን ጊዜ በር ላይ ቆማ አባቷን ትሰማ ነበር። ሕመም አለ ወይ ሲባል አዴ ተረፈች ነጠላቸውን ወደ ላይ ሳብ አድርገው ትንሽ ነው አሉ። ሀብተወልድ ሲጨርስ ሁሉንም ሶፋው ላይ አስቀምጦ ፎቶ አነሳቸው፤ ፍሪጁ ከኋላ ነጭ ሆኖ ቆሟል። ደስ የሚል ቤተሰብ ብሎን ሄደ።

በሦስተኛው ሳምንት በቀበሌው ግድግዳ ላይ ስም ዝርዝር ተለጠፈ። የአዴ ተረፈች ስም የለም። ከኦቦ ደቻሳ ጋር ወደ ፕሮጀክቱ ቢሮ ሄድን። ፀደንያ የምትባለው ሠራተኛ ኮምፒውተሯን ወደ እኛ አዙራ አሳየችን፤ ፎቶው አለ፣ ነጥቡ አለ፣ ከመስመሩ በላይ ናቸው። ፍሪጁም ሶፋውም የእኔ ነው አልኳት። ማስረጃ አለሽ ወይ አለች። እኔ ደረሰኝ የማልጥል ሰው ነኝ፤ ከቦርሳዬ አውጥቼ ሰጠኋት። አየችውና ትንሽ አሰበች።

«እንግዲያው እርስዎ ተከራይ ነዎት ማለት ነው» አለችኝ። «የቤት ኪራይ ገቢ አልተመዘገበላቸውም ነበር።»

መዘገበችው። ፍሪጁ ቀነሰ፣ ኪራዩ ጨመረ፣ ነጥቡ ከፊተኛው አለፈ። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ የሚለውን ተረት የፈጠረው ሰው ያን ቀን ከእኛ ጋር ቢሆን ኖሮ ያፍር ነበር። ፀደንያ ክፉ አይደለችም፤ ክፉ ብትሆን ተጣልቼ ይወጣልኝ ነበር። የቅሬታ ቅጽ ሰጠችኝ። ባለኝ ጥሩ ጽሕፈት ሞላሁት። ስህተቱ የእኔ ነው ብሎ ለመጻፍ የተተወ ቦታ ስላልነበረው ጠርዙ ላይ ጻፍኩት።

በባጃጅ ስንመለስ ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅሁ። አልተቆጡም። ዓለም ገና አካባቢ ስንደርስ ብቻ፣ ሰው ቤቱን አራቁቶ እንግዳ አይቀበልም ብርቄ፣ እኛ እንደዚያ አናውቅም አሉኝ። እንዳጽናናቸው ፈልገው ይሁን ሊያጽናኑኝ አላወቅሁም።

ፍሪጁን ሸጥኩት። ዕድሩም ኡሙልኸይርም የቻሉትን ጨመሩበት፤ ምርመራው አለቀ፣ ለቀዶ ጥገናው ወረፋ ያዝን። ቀጠሮው ለኅዳር አሥራ ሁለት ሆነ። አዴ ተረፈችን ጥቅምት መጨረሻ ላይ፣ ጠዋት፣ ጂቱ ከፈረቃ ስትገባ ትራሳቸውን እንደተደገፉ ትንፋሻቸው ቆሞ አገኘቻቸው። ጩኸቷን ሰምቼ ሮጬ ደረስኩ፤ ነጠላቸው አንገታቸው ላይ እንደተጠመጠመ ነበር። ያን ነጠላ ፈትቼ መጣል አማረኝ። ምን ይሸፍናል ከእንግዲህ?

ከዚያ በኋላ ጂቱ ማሳል ጀመረች። የምትሠራበት የፋብሪካው ክር ማዳወሪያ ክፍል ብናኙ ብዙ ነው፤ ጤና ጣቢያው ሳንባዋ በከፍተኛ ሆስፒታል ይታይ ብሎ ጻፈላት። ጥር ላይ ነው ሀብተወልድ እንደገና በር ያንኳኳው። የቅሬታው ቅጽ በመጨረሻ ታይቶ፣ ቤቱ እንደ አዲስ ይለካ ተብሎ ነው። ፕሮጀክቱ አሁን ሌላ ሕክምናም ስለሚሸፍን፣ ለጂቱ የቀረ አንድ በር ይህ ነበር።

ኦቦ ደቻሳ መጀመሪያ ወደ እኔ መጡ። ሶፋ ፈለጉ። ሶፋው እግሩ ተሰብሯል ብዬ ዋሸኋቸው። ከጀርባዬ ደህና ሆኖ ይታይ ነበር። ሶፋውን አዩት፣ እኔን አዩኝ፣ ተመለሱ። ተከትያቸው ስገባ፣ ለዓመት በዓል የሚለብሱትን ነጭ ጋቢ በአዴ ተረፈች አልጋ ላይ አንጥፈው እንግዳውን እዚያ አስቀምጠውታል። ከዕለተ ቀብራቸው ጀምሮ ያን አልጋ ማንም ነክቶት አያውቅም።

ሀብተወልድ ሦስት ነበራችሁ አለ፣ ታብሌቱን እያየ። ሁለት ነን አሉት። ነገሩን ሲረዳ ከተቀመጠበት ብድግ አለ፤ ዓይኑ እንባ ሞላ፣ እግዚአብሔር ያጥናችሁ ብሎ ቆመ። ኦቦ ደቻሳ ናቸው እጁን ይዘው መልሰው ያስቀመጡት። ልጁ መቀጠል አልፈለገም፤ ግን ካልሞላው ፋይሉ እንደሚዘጋ ስለሚያውቅ ቀጠለ። ጣሪያ፣ ወለል፣ ኪራይ። ሲጨርስ ወደ እኔ ጠጋ ብሎ በሹክሹክታ ነገረኝ። ከመስመሩ በላይ ያስቀራቸው አንድ ነጥብ ብቻ ነው፤ ያውም በአልጋው። ሦስት ሰው ሁለት አልጋ የነበረው አሁን ሁለት ሰው ሁለት አልጋ ሆኗል፤ ለአንድ ሰው አንድ አልጋ ሲደርስ ነጥቡ ይጨምራል። በዚህ አልጋ የሚተኛ ሰው ከሌለ ግን አልቆጥረውም አለኝ። ልጁ መንገድ ፈልጎልን ነበር።

በዚህ ጊዜ ዝም አላልኩም።

«ማንም አይተኛበትም» አልኩ፣ ጮክ ብዬ። «ኦቦ ደቻሳ ድሮም አሁንም የሚተኙት መሬት ላይ ነው። ፍራሹ ያውና።»

ፍራሹ ጥግ ላይ ተጠቅልሎ፣ በጆንያ ተሸፍኖ ነበር። ኦቦ ደቻሳ ወደ ጠቆምኩበት አላዩም። በእንግዳው ፊት እኔን አዩኝ፤ እንደዚያ አይተውኝ አያውቁም። ግቢያቸው ሦስት ዓመት ኖሬ ብርቄ፣ ልጄ ከማለት በቀር ሌላ ቃል ከአፋቸው ሰምቼ አላውቅም። ያን ጊዜም ክፉ ቃል አልወጣቸውም። ወደ ሀብተወልድ ብቻ ዞሩ፣ ከጎኑ ተቀመጡ፣ ጋቢውን በመዳፋቸው አስተካከሉ።

«አትስማት ልጄ» አሉት። «እዚሁ አልጋዬ ላይ ነው የምተኛው። ገለታ ዋቃ፣ ምንም አልጎደለብኝም።»

ሀብተወልድ ወደ እኔ አየ። ጂቱ ፈረቃ ላይ ነበረች። ኦቦ ደቻሳ እያዩት፣ ልጁ ታብሌቱን ነካው፤ ሁለት አልጋ።