አረንጓዴው ላይ የተጣበቀ ቀስት

የእሳት ማጥፊያ በሚታደስበት ወርክሾፕ ውስጥ ሁሉም ሰው «ሚዛን» ነበር የሚላት። ስሙን ያወጣላት ቀለም ቀቢው ነው። ሲሊንደር ሲገባ ትመዝናለች፣ ሲወጣ ትመዝናለች፤ አንዳንዴ ደግሞ ተጭኖ ያለቀውን «እስቲ አንዴ ልየው» ብላ ከመኪና ላይ ታስወርዳለች። ሾፌሩ ይነጫነጫል፣ ቀቢው ይስቃል፣ እሷ ግን ሰምታ እንዳልሰማች ቁጥሩን ካርዱ ላይ ትጽፋለች። ከሥሩም ትፈርማለች። ፊርማው አራት ዓመት ሙሉ የሷ ነበር።

የወርክሾፑ ባለቤት የታላቅ እህቷ ባል ነው። ባሏ ሞቶባት ግራ በገባት ጊዜ ሥራ ያስገባት፣ ሙያውንም ከብሎን አፈታት ጀምሮ ያስተማራት እሱ ነው። ስለዚህ ያን ሰኞ ጠዋት ያየችውን ነገር ማመን ከበዳት።

ቅዳሜ ዕለት ከአንድ የሕፃናት ትምህርት ቤት ሃያ ሦስት ሲሊንደሮች ለእድሳት መጥተው ነበር። በአብዛኞቹ ውስጥ ያለው እሳት የሚያጠፋው ዱቄት ግማሽ በግማሽ ጎድሎ፣ የቀረውም እርጥበት ገብቶት እንደ ድንጋይ ረግቷል። ሰኞ ስትገባ ሁሉም ቀይ ቀለም ተቀብተው፣ የዘንድሮ ቀን ያለበት ወረቀት ተለጥፎባቸው በሩ ላይ ተደርድረዋል። አንዱን አንስታ ሚዛን ላይ አስቀመጠችው። ከቅዳሜው አንዲት ግራም አልጨመረም። የግፊት መለኪያው ቀስት ግን ደህና ነው የሚለውን አረንጓዴውን ያሳያል። መስታወቱን በጥፍሯ አንኳኳችው። ቀስቱ ንቅንቅ አላለም። በሙጫ ተጣብቋል።

«ይሄን ማን ነው የሠራው?»

ቀቢው ብሩሹን እያጠበ፣ «እኔ ቀለም ነው የምቀባው፤ የውስጡን እኔን አትጠይቂኝ» አለ።

ወደ ባለቤቱ ቢሮ ገባች። «ጋሼ፣ የትምህርት ቤቱ ሲሊንደሮች አልተሞሉም።»

«አውቃለሁ» አለ፣ ቀና ሳይል። «ዱቄቱ ወደብ ላይ ቆሟል። ሲመጣ ጠርተን እንሞላላቸዋለን። ሐሙስ ተቆጣጣሪ ይመጣባቸዋል፣ ሰዎቹ የቸኮሉት ለዚያ ነው።»

«እስከዚያ እሳት ቢነሳስ?»

«አታሟርቺ!»

«እሺ፣ አልተሞሉም ብለን እንንገራቸው።»

«ነግረን ሌላ ጋ ይሂዱልን?» ብዕሩን ጠረጴዛው ላይ ጣለው። «በይ ፈርሚና ከሾፌሩ ጋር ሄደሽ አስረክቢ።»

«አልፈርምም ጋሼ።»

ካርዶቹን ሳትፈርም ጠረጴዛው ላይ ትታ ወጣች፤ መኪናው ላይ ግን ተሳፈረች። ቢያንስ ባለጉዳዮቹ ሲሰሙ ይደነግጣሉ ብላ ነበር።

የትምህርት ቤቱ አስተዳዳሪ ሥራ የበዛባት ሴት ነበረች። ቆማ አዳመጠቻትና፣ «ወረቀቱ ተለጥፏል አይደል?» አለቻት።

ሚዛን አንዱን ሲሊንደር ተሸክማ ከወጥ ቤቱ ጀርባ ወዳለው ግቢ ሄደች፤ አስተዳዳሪዋ «ወዴት ነው?» እያለች ተከተለቻት። ፒኑን ነቀለች፣ እጀታውን ጨመቀች። ሲሊንደሩ ፍስ አለና አንድ እፍኝ ዱቄት ጫማዋ ላይ አራግፎ ዝም አለ።

አስተዳዳሪዋ መጀመሪያ ያየችው ሲሊንደሩን ሳይሆን ዙሪያዋን ነው። ያየው ሰው አንድ ብቻ ነበር፦ ጭልፋ ይዛ በወጥ ቤቱ በር የቆመችው ምግብ አብሳይ።

«እኔ የምፈልገው ሐሙስ እንዳልጠየቅ ነው» አለች አስተዳዳሪዋ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «የውስጡን እናንተ እንደምትሆኑ ሁኑ።» ወዲያው ስልኳን አወጣችና የወርክሾፑ ባለቤት ጋ ደወለች። «እባክዎ እቃውን ብቻ የሚያስረክብ ሰው ይላኩልኝ። ይቺ ሴትዮ ግቢዬን እየበጠበጠች ነው።»

ሚዛን ጆሮዋን ልታምን አልቻለችም። ልትሄድ ስትል አብሳይዋ ጠራቻት። «እውነት ሁሉም እንደዚህ ናቸው?» አለቻት። «እኔ እኮ ቀኑን ሙሉ ከሦስት የጋዝ ምድጃ ጋር ነው የምውለው።» ሚዛን ስልክ ቁጥሯን ጽፋ ሰጠቻት።

ከሰዓት በኋላ ታላቅ እህቷ ቤቷ ድረስ መጣች። ተቀመጪ ብትባል እምቢ አለች።

«እንጀራ የሰጠሽን ሰው ነው የምታዋርጂው?»

«እታለም፣ ሕፃናት እኮ ናቸው።»

«የኔስ ልጆች ምን ሊበሉ ነው? አንቺ ብቻ ነሽ ሕሊና ያለሽ? ነገ ይቅርታ ጠይቂው፣ ካልሆነ እዚያ በር እንዳትደርሺ ብሏል።»

ሚዛን ልታስረዳት ሞከረች። ስለ ዱቄቱ፣ ስለ ሙጫው ተናገረች። እህቷ ግን «ሁሉም እንደዚያ ነው የሚሠራው» ብላ በሩን ከውጭ ዘጋችው።

በማግስቱ ወደ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ሄደች። ተራዋ ሲደርስ በመስኮቱ ውስጥ ያለው ሰውዬ፣ «ትምህርት ቤቱን ወክለው ነው?» አላት።

«አይደለም።»

«ድርጅቱን?»

«እስከ ትናንት እዚያ ነበር የምሠራው።»

«ታዲያ በምን አግባብ ነው የሚያመለክቱት?»

«ጌታዬ፣ ሐሙስ የሚሄዱት ሰዎች አንዷን ብቻ አውርደው ይመዝኗት። ሌላ አልጠየቅኩም።»

«ተቆጣጣሪ የሚያየው የታደሰበትን ቀን ነው። መመዘን የአዳሹ ሥራ ነው።» ከኋላዋ ወዳለው ሰው ተመለከተ። «ቀጣይ!»

መንገድ ላይ ስትወጣ እንባዋ መጣ፤ የንዴት እንባ ነበር። እሷ የምታወራው ሌላ ቋንቋ ይሆን? ሁሉም ሰሟት፣ ውሸታም ያላት የለም፤ ግን አንዳቸውም ከወንበራቸው አልተነሱም። ሐሙስ ተቆጣጣሪዎቹ መጡ፣ ቀኑን አዩ፣ ትምህርት ቤቱም አለፈ።

ዓርብ አብሳይዋ ደወለች። «የሚሠራ ካላመጣችሁልኝ ምድጃ አልለኩስም ብላቸው አንድ አዲስ ማጥፊያ ገዙልኝ» አለች። «አጠቃቀሙን ግን አላውቅም። ነይ አሳይኝ።»

ሄደች። ግቢው ውስጥ በአሮጌ መጥበሻ ጨርቅ አቃጠሉ፤ አብሳይዋ እንደተነገራት ከእሳቱ ሥር አነጣጥራ ጨመቀች፤ እሳቱ ወዲያው ጠፋ። ሳቀች፤ ከዚያ ሳቋን አቆመች።

«ሃያ ሁለቱስ?»

«ለባለቤቱ ነገርኩ፣ ለአስተዳዳሪዋ ነገርኩ፣ ለመንግሥት ነገርኩ። ከዚህ ወዲያ ለማን ልንገር?»

«ለወላጆች ነግረሻል?»

አልነገረችም። አላሰበችውም ነበር።

ልጆች በሚወጡበት ሰዓት በሩ ላይ ቆመች። የመጀመሪያዋ እናት ስልክ እያወራች «እሺ፣ እሺ» ብላት አለፈች። ሁለተኛው የምትሸጠው ነገር ያለ መስሎት በእጁ ከለከላት። ሦስተኛዋ አዳምጣ «ወይ ጉድ!» አለችና ልጇን ይዛ ሄደች። ሚዛን ልትጮህ ምንም አልቀራትም። አራተኛው ግን፣ የሥራ ልብሱን ያላወለቀ ብየዳ ሠራተኛ፣ ቆመ።

«በሙጫ? አሳይኝ እስቲ» ብሎ ዘበኛውን አልፎ ገባ። ሲሊንደሩን ከግድግዳ አውርዶ መስታወቱን ሲያንኳኳ ሌሎች ወላጆች ከኋላው ተሰበሰቡ። አስተዳዳሪዋ ሮጣ ስትደርስ መመለስ የሚቻል ነገር አልነበረም።

በተከታዩ ሰኞ ሁሉም ሲሊንደሮች በሌላ ድርጅት ተተኩ። አስተዳዳሪዋ ለወላጆች በላከችው መልእክት ላይ ጉድለቱ የተገኘው «ትምህርት ቤቱ ባደረገው ጥብቅ ክትትል» ነው ብላ ጻፈች። አብሳይዋ ስታነብላት ሚዛን መሳቅም ማልቀስም አቃታት። እህቷ ስልክ ማንሳት ትታለች። የእህቷ ልጆችም አክስታቸው እነሱ ቤት እንዳትመጣ መባሏን ሰምተዋል።

በዚያው ሳምንት ቀቢው ደወለላት። ዱቄቱ ገብቷል፣ አሁን በደንብ እየተሞላ ነው አላት፤ ደስ ይላታል ብሎ ነው።

«ከትምህርት ቤቱ በፊት እንደዚያ የወጡ ነበሩ?» ብላ ጠየቀችው።

«እሱን ተይው ባክሽ» አለ።

«አንተ፣ ንገረኝ።»

«አንድ ክሊኒክ አለ» አለ በመጨረሻ። «አንድ የልብስ ስፌት ፋብሪካም። ሌላም ሳይኖር አይቀርም።»

«ቀስ ብለህ ንገረኝ፤ አድራሻቸውን ልጻፍ» አለችው።