የሕዝብ ዜማ

ስቶክሆልም ውስጥ ያን ፊልም ያላየ ሐበሻ የለም። እኔም ሮግስቬድ ቤቴ ቁጭ ብዬ አየሁት። ማጀቢያ ዘፈኑ ሲጀምር ደረቴ ተነፋ፤ ዜማውን የሠራሁት እኔ ነኝ። ከሠላሳ ዓመት በፊት፣ ከሰኞ እስከ ዓርብ የውሃ ላቦራቶሪ እየሠራሁ ቅዳሜ ቅዳሜ ኪቦርድ ስጫወት የሠራሁት ነው። ፊልሙ አልቆ ስሞች ሲወርዱ ግን “ድምፅ፦ አሰጋሽ ቸሩ፤ ዜማ፦ የሕዝብ” ይላል። ለካ ሕዝብ ማለት እኔ ክፍሌ ነኝ።

አሰጋሽ የድሮ ባንዳችን ዘፋኝ ናት። ሃያ ዓመት ማይክ ሳትጨብጥ ሽማግሌና አሮጊት ስትንከባከብ ኖራ፣ ጡረታ በወጣች በዓመቷ ለፊልሙ የዘፈነችው ይህ ዘፈን ስሟን አነሳው። ደጀኔ የሚባል የኮንሰርት አዘጋጅ ፋርስታ አዳራሽ ያዘላት። ያ ከተሳካ ዮተቦሪና ኦስሎ ከተሞች ይቀጥላሉ። ባንዱ እኔና ኪቦርዴ ብቻ ነን።

ለልምምድ ቤቴ ስትመጣ መጀመሪያ የጠየቅኋት ስሜ ለምን እንደቀረ ነው። ፊልሙን የሠሩት የአዲስ አበባ ሰዎች ሳያማክሯት እንደጻፉት ነገረችኝ፤ መድረክ ላይ ስሜን እንደምትጠራም በእናቷ አፅም ማለች። ከዚያ የራሷን ጉድ አወጣች። ፊልሙ ላይ የሚሰማው ከፍታ ሦስት ቀን ሙሉ ስቱዲዮ ውስጥ ሐረግ በሐረግ ተለቅሞ የተገጣጠመ ነው። በአንድ ትንፋሽ አይወጣላትም። ኪቦርዱ ላይ ዜማውን ለዘፋኝ እንዲቀል ወደ ወፍራም ድምፅ የምታወርድ ቁልፍ አለች፤ ሦስት ጊዜ ተጫንኳት። አሰጋሽ ዘፈነች። እውነቱን ለመናገር ከፊልሙም በለጠች፤ እንባዬ መጣ።

ቅዳሜ ከሰዓት አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። የድሮዎቹን አምስት ዘፈኖች ጥሩ አድርጋ ተጫወተች። የመጨረሻው የፊልሙ ዘፈን ነው። ከእሱ በፊት ምስጋና ጀመረች፤ እግዚአብሔርን፣ የፊልሙን ሰዎች፣ ደጀኔን፣ ጸጉሯን የሠራችላትን ልጅ ሳይቀር አመሰገነች። እኔ ሁለት ሜትር ርቄ ቁጭ ብያለሁ። እኔን ዘለለችና “እንግዲህ ያ ዘፈን” አለች።

ቂም ተይዞ ጸሎት፣ ሳል ተይዞ ስርቆት ይላሉ። ቂም ተይዞ ኪቦርድ ግን ይመታል። ያወረድኩትን ሦስቱንም መልሼ ሰቀልኩት።

መግቢያውን እንደ ምንም ተወጣችው። ከፍ የሚለው ቦታ ስትደርስ ድምፅዋ ተሰነጠቀ። እንደገና ሞከረች፤ ሳል ያዛት። ወደ እኔ ስትዞር አቀርቅሬ ጣቶቼን አየሁ። ደስ አለኝ፤ አልዋሽም። ፊት ለፊት የነበሩት ስልካቸውን አነሱ፤ አንዷ ሳቀች። ከዚያ በአማርኛ ሲጠየቁ በስዊድንኛ የሚመልሱት እዚህ ያደጉ ልጆች በሙሉ ዘፈኑን ተቀብለው፣ በዚያው ከፍታ፣ ያለ አንዳች ችግር ጨረሱላት። እሷ ማይኩን ዝቅ አድርጋ ቆመች። ሰው የወደቀ ሕፃን እንደሚያባብል አጨበጨበላት።

ልብስ መቀየሪያው ክፍል ስገባ ደጀኔ “እትዬ አሰጋሽ፣ ይረፉ፤ ስለ ዮተቦሪ ነገ እናወራለን” እያላት ነበር። እሷ ግን ሁሉንም እንዲሰርዝ፣ ከእንግዲህ መድረክ ላይ እንደማትወጣ ነገረችው። እሱ ሲወጣ ወደ እኔ ዞረች።

“ክፍሌ፣ አውርደህልኝ ነበር አይደል?”

“ሦስት። ልክ እንደ ልምምዱ።”

“እንግዲያው ድምፄ ነው የሞተው” አለችና አለቀሰች። ከዚያ ክንዴን ያዘች። “ያንተንም ስም ሳልጠራ ቀረሁ። ተጫዋች የሚተዋወቀው ዘፈኑ ሲያልቅ ነው ብዬ፣ ላስነሳህና ባለ ዜማው ይህ ነው ልላቸው ነበር። የምጨርሰው መስሎኝ።”

ሠላሳ ዓመት መድረክ ላይ ስኖር ሁልጊዜ ስሜ የሚጠራው በመጨረሻ ነበር። ይህን ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም።

“ይቅር በለኝ” አለች።

“ይቅር ብዬሻለሁ” አልኳት።