የማይማሰለው ዶሮ

ሐሙስ፣ ግንቦት 10 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ባለቤቴ ፈርሂያ «ማሪቴስ የምትሠራው ዶሮ» አለችና መልሳ ዓይኗን ጨፈነች። የምግብ ስም ካነሳች ሰንብታ ነበር።

የደሴው ሐኪም ሆዷ ውስጥ ያለውን እባጭ በቀዶ ጥገና ሊያወጣላት ለሰኞ ቀጥሮናል። ግን እንዲህ እንደከሳች ከመጣች እንደማይነካት፣ ሰውነቷ እንደማይችለው ቁርጡን ነግሮኛል። እሷ ደግሞ እንጀራ ገና ሲሸታት ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች። ጅዳ የኖረችበት ዘመን አፏን ለውጦት ይሆናል ብዬ ማጀት ገባሁ። የሳዑዲን ሩዝ በዘቢብ፣ የሊባኖስን ምስር በሎሚ፣ የህንድን ድንች በእርድ ከስልክ እያየሁ፣ መካነ ሰላም ገበያ ላይ ያጣሁትን ባገኘሁት እየተካሁ ሠራሁ። እናቷ እማማ ወርቂቱ ወንድ ማጀት ገባ መባሉን ከጎረቤት ቢያፍሩም አልከለከሉኝም። በር ላይ ቆመው «ዛሬስ የማን አገር ነው?» ይሉኛል። ፈርሂያ ከሁሉም በጣቷ ጫፍ ቀምሳ ትገፋዋለች። ሰኞ ግን እየቀረበ ነው።

ማሪቴስ ጅዳ ከፈርሂያ ጋር በአንድ ቤት የሠራች የፊሊፒንስ ልጅ ናት። ደወልኩላትና በተሰባበረ አረብኛ ተግባባን። ዶሮ፣ አቼቶ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ቁንዶ በርበሬ፤ ጥቁሩን የአኩሪ አተር ሶስ ካጣህ ጨው ይበቃል አለችኝ።

ያለችን ዶሮ አንዲት ነበረች። ቢስሚላህ ብዬ አረድኳት። ስልኬን ይዤ ግቢ ውስጥ ኔትወርክ ስፈልግ እማማ ወርቂቱ ቆዳዋን ገፈው፣ በየብልቱ ቆራርጠው፣ በሎሚና በጨው አሽተው እንደ ወረቀት አነጧት። ምስሉን ስልክላት ማሪቴስ ሳቀች። በነሱ አገር ዶሮ ከነቆዳዋ ነው የምትበስለው።

«ልብሷን ማን አወለቀባት?» አለችኝ።

ይሁን አለች። አንድ ነገር ብቻ አደራ አለችኝ። አቼቶው ከገባ በኋላ ፈልቶ ኮምጣጣው ሽታ እስኪወጣ ማማሰያ እንዳይነካው፤ ከተማሰለ የአቼቶው ጥሬ ሽታ እዚያው ይቀራል። ይህን ለእማማ ነገርኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ።

ከሰል ላመጣ ወጥቼ ስመለስ ግን የማማሰያ ድምፅ ሰማሁ። እማማ ወርቂቱ ድስቱ ላይ ጎንበስ ብለው እንደ ሽንኩርት ቁሌት ከሥር እየፋቁ ያማስላሉ። ዕድሜ ልካቸውን ወጥ እንዳያርባቸው ሲያማስሉ የኖሩ ሴት ናቸው፤ እጃቸው ቀደማቸው። እንፋሎቱ ዓይኔን አቃጠለው። ቀመስኩት፤ ጥርስ ያጠርሳል። ሌላ ዶሮ የለም፤ ገበያው ቅዳሜ ነው። ፈርሂያ ደግሞ ቅዳሜ አፏ ይከፈት አይከፈት አላህ ነው የሚያውቀው። እማማን ልናገራቸው ብዬ ፊታቸውን ሳይ ተውኩት። ማማሰያውን እንደያዙ ቀርተዋል።

ከሩዝ ጋር አቀረብኩላት። ሽታው ቀድሞኝ ገብቶ ስለነበር ዓይኗን ገልጣ ጠበቀችኝ። አንድ ጉርሻ ወሰደች። አኝካ ዋጠች።

«ማነው ያማሰለው?» አለች።

እማማ ከበሩ ሥር «እኔ ነኝ፤ ድስት ሲንተከተክ ዝም ብዬ ልየው?» አሉ።

ፈርሂያን ሳቅ ሳቅ አላት። ጅዳ በገባች ሰሞን እሷም ከማሪቴስ ድስት ላይ እንዲሁ አማስላ እንደነበር፣ ማሪቴስም ማማሰያ ይዛ እንዳሯሯጠቻት፣ ኋላ አሠሪያቸው ማዳም ሳታይ ማጀት ወለል ላይ ተቀምጠው እየኮመጠጣቸው እንደጨረሱት ነገረችን። እየነገረችን ትጎርሳለች። ሁለት ብልት በላች። እማማ ጀርባቸውን ሰጥተውን በነጠላቸው ዓይናቸውን ጠረጉ።

በማግስቱ የተረፈውን አሙቀን ሰጠናት፤ ቅዳሜ ከገበያ ዶሮ ገዝተን፣ እሑድም ያንኑ ሠራን፤ በላች። ሰኞ ደሴ ገባን፤ ሐኪሙ መዝኖ አያት፣ እሺ አለ፣ ቀዶ ጥገናውም ተደረገላት። ከዚያ ዘጠኝ ወር ኖራ፣ ረመዳን ሳይገባ ሞተች።