ግድግዳው ላይ የተያዘው ፀጉሬ

አሥራ ዘጠኝ መከር ሙሉ ያንገበገበኝ ነገር ይህ ነው፦ ፀጉር የያዝኩት እኔ ነበርኩ፤ ሥዕሉ ላይ ግን የተያዘው የእኔ ፀጉር ነው።

ልጃገረዶች ሳለን ነው። እኔና ወብኸት ከአጫጆቹ ኋላ ቃርሚያ ስንለቅም፣ እኔ ያየሁትን የስንዴ ዛላ ቀድማኝ አነሳች። ፀጉሯን ጨመደድኩት! ነብሬ የሚሉት ሠዓሊ የእርሻው ጌታ በቁሙ የሚያሠራውን መቃብር ሊያስጌጥ ነውና መከሩን ለማየት መጥቶ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ነበር። እየሳቀ በሸክላ ስባሪ ላይ ነደፈን። በኋላ ለሠራተኞቹ ውሃ ይዤ ገደሉ ውስጥ ወደተፈለፈለው መቃብር ብገባ ምን አየሁ! ወብኸት ፀጉሬን ይዛ ትጎትተኛለች፣ እኔ አፌን ከፍቼ እጮኻለሁ። ከዚያ ወዲህ አጫጆቹ መከር በመጣ ቁጥር «ሁነሮ፣ አናትሽ ዳነልሽ?» ይሉኛል።

ሳቃቸውስ ይሁን። ግን በመቃብር ግድግዳ የተሣለ ሰው በምዕራብ፣ በሙታን አገር፣ የሚኖረው እንደተሣለው ነው። ለዘላለም ስነጭ ልኑር?

ዘንድሮ ጌታው ሞተ። ሬሳው እንዳይበሰብስ በጨው የሚደርቅበትን ሰባ ቀን ጨረሰና ዛሬ በሩ ይታሸጋል ተባለ። እኛ ሴቶች ከአዲሱ ስንዴ የተጋገረ ዳቦ ለስንቁ ተሸክመን ገባን። ነብሬ አርጅቷል፤ የአንዲት ዳክዬ ክንፍ እየቀባ አገኘሁት።

«ጋሼ ነብሬ፣ አቀያይረን!»

«እናንተን? አሁን?»

«ማን ማንን እንደያዘ አይተሃል እኮ!»

«አይቻለሁ። የእሷ ፀጉር ረጅም ነው፣ ብዘረጋው ከአጫጁ ማጭድ ጋር ተጋጨብኝ። ያንቺ አጭር ነው፣ ተመቸኝ።»

«ለቦታ ብለህ ነው እንዲህ ያሳረርከኝ?»

ወብኸት መብራቱን ይዛ ከኋላዬ ተንከተከተች። «በቃ አሸንፌሻለሁ፣ ተቀበይ!»

«አሸነፍሽ? እስቲ ግድግዳው ላይ ያለውን ቅርጫትሽን እዪው!»

አየችው። የእሷም የእኔም ቅርጫት ባዶ ነው። የእሷ እጅ የያዘው ፀጉሬን ነው፣ በእኔም እጅ እህል የለም። ሳቋ ቆመ።

«ኸረ ሁነሮ! ሁለታችንም በረሃብ ልናልቅ ነው!»

ውጭ ግንበኞቹ «ውጡ! ጭቃው ደረቀ!» እያሉ ይጮኻሉ። ነብሬ ብሩሹን አስቀምጦ ወገቡን ሲያቃና አፈፍ አድርጌ ቢጫው ቀለም ውስጥ ነከርኩት።

«አንቺ ሴትዮ! ሥራዬን!»

«መብራቱን አስጠጊ!» አልኳት። አስጠጋችው።

የሣልኳቸው ዛላዎች የዓሣ አጥንት መሰሉ፤ ይምሰሉ። ቅርጫቴን እስኪፈስ ሞላሁት፣ መሬቱም ላይ ጨመርኩበት። ነብሬ ክንዴን ይጎትታል፣ ወብኸት «የእኔንስ? የእኔንስ?» እያለች ትዘላለች። ለእሷም አምስት ዛላ ሣልኩላት። አኮረፈች። ስድስተኛ ጨመርኩና ብሩሹን ለነብሬ መልሼ እየሮጥኩ ወጣሁ።